እርጥብ ቋሚ፣ ደረቅ አግዳሚ

የዛሬው ትምህርታዊ ዝግጅታችን ከዛፍ ቅርንጫፍ ስለሚሠራ የጌጥ መሰላል ነው። ሰው የሚወጣበት መሰላል አይደለም። ሳሎን ወይም መኝታ ቤት ውስጥ ግድግዳ ተደግፎ ጋቢ፣ ነጠላና ቡልኮ የሚሰቀልበት፣ ጉጡና ጠመዝማዛው ሳይደበቅ ዛፍነቱ የሚታይ መሰላል ነው። ጆርጂያ፣ ዱሉዝ ለምንኖር ሰዎች ጥሬ ዕቃው ብርቅ አይደለም። ከቢዩፎርድ ሀይዌይ ወይም ከፕሌዘንት ሂል መንገድ ትንሽ ገባ ሲባል ሰፈሩ ሁሉ በዛፍ የተከበበ ነው። አትላንታ ራሷ እ.ኤ.አ. በ2008 ምስሎች ላይ በተመሠረተ የጆርጂያ ቴክ ጥናት ከመሬቷ 47.9 በመቶው በዛፍ ጥላ ተሸፍኖ ተገኝቷል። ነፋስ ባለፈ ቁጥር፣ የመከርከሚያ ወር በደረሰ ቁጥር ቅርንጫፉ በየግቢው ይከመራል። ስለዚህ እንጨት ከየት ይመጣል ብለን አንጨነቅም። የሚያስጨንቀው ሌላ ነው፤ ሠሪው በደስታ ያቆመው መሰላል ጥቂት ወራት ሲቆይ አግዳሚዎቹ በቀዳዳቸው ውስጥ መዞር ይጀምራሉ፣ ቅርፊቱ ይረግፋል፣ ቋሚው ይሰነጠቃል። ይህን ያመጣው የመጋዙ መደነዝ ወይም የእጁ አለመሠልጠን ነው ብሎ የሚያስብ አለ። እኔ ግን ጥፋቱ በእንጨቱ ውስጥ ያለው ውሃ ነው ባይ ነኝ። ውሃውን ያወቀ ሰው በደነዘ መጋዝም ቢሆን የሚቆም መሰላል ይሠራል፤ ያላወቀ ሰው ሙሉ የአናጢ ዕቃ ይዞም አይሳካለትም። ዛሬ የምንነጋገረው ይህን ለማስረዳት ነው።

አንድ ነገር እናስቀድም። በመሰላል ላይ ሁለት ዓይነት እንጨት አለ። ረጃጅሞቹን ሁለቱን ቋሚ፣ በመካከላቸው የሚገቡትን አጫጭሮች አግዳሚ እንላቸዋለን። አሁን ወደ ውሃው እንመለስ። የአሜሪካ የደን አገልግሎት በማዲሰን፣ ዊስኮንሲን እ.ኤ.አ. በ1910 የተቋቋመ የእንጨት ምርምር ቤተ ሙከራ አለው፤ ቤተ ሙከራው ከ1935 ጀምሮ እያሻሻለ የሚያሳትመው የእንጨት መመሪያ መጽሐፍም አለ። ዛሬ የምጠቅሳቸው ቁጥሮች በአብዛኛው ከዚያ የተገኙ ናቸው። በየግቢያችን እሾሃማ ድቡልቡል ፍሬውን የሚያረግፈውን፣ ቅጠሉ ባለ አምስት ጫፍ ኮከብ የሚመስለውን ስዊትገም እንውሰድ። ገና ሲቆረጥ በውጪኛው ነጭ እንጨቱ ውስጥ ያለው ውሃ ከደረቁ እንጨት ክብደት 137 በመቶ ይሆናል። ይህ ማለት አንድ ኪሎ ደረቅ እንጨት አንድ ኪሎ ከሦስት መቶ ሰባ ግራም ውሃ ተሸክሞ ቆሟል ማለት ነው። ከዚህ ውሃ አብዛኛው ሲወጣ እንጨቱ ይቀልላል እንጂ መጠኑ አይለወጥም። እርጥበቱ ወደ 30 በመቶ ገደማ ሲወርድ ግን ነገሩ ይለወጣል፤ ከዚያ በኋላ የሚወጣው ውሃ ከራሱ ከእንጨቱ ሥጋ ውስጥ የሚወጣ ስለሆነ እንጨቱ መኮማተር ይጀምራል። ኩምትርታው የሚቆመው እርጥበቱ ከቤቱ አየር ጋር ሲስተካከል ነው፤ መመሪያው ይህን ለአብዛኛው የአሜሪካ ክፍል 8 በመቶ፣ ለእርጥቡ የደቡብ ጠረፍ ደግሞ 11 በመቶ አድርጎ ይገምተዋል።

እንጨት ሲኮማተር በሁሉም አቅጣጫ እኩል አይኮማተርም፤ የችግሩም የመፍትሔውም ምንጭ ይህ ነው። በቁመቱ የሚያጥረው ከ0.1 እስከ 0.2 በመቶ ብቻ ስለሆነ ሁለት ሜትር ቋሚ ቢደርቅ ከ4 ሚሊሜትር በላይ አያጥርም። በውፍረቱ ግን ሌላ ነው። ስዊትገም ፈጽሞ እስኪደርቅ ከመሐሉ ወደ ቅርፊቱ ባለው አቅጣጫ 5.3 በመቶ፣ የዕድሜ ቀለበቱን ተከትሎ በዙሪያው ደግሞ 10.2 በመቶ ይኮማተራል። ዙሪያው ከስፋቱ በእጥፍ መጥበብ ይፈልጋል ማለት ነው፤ እንዲህ ያለ ክብ ደግሞ ሊኖር አይችልም። ስለዚህ ሳይሰነጠቅ ሙሉውን የደረቀ ወፍራም ቅርንጫፍ ካገኛችሁ ዕድለኞች ናችሁ፤ ደንቡ መሰንጠቁ ነው። ቀጭኑ አግዳሚ ብዙ ጊዜ ከመሰንጠቅ ይተርፋል፣ ከመክሳት ግን አይተርፍም። ዲያሜትሩ 25 ሚሊሜትር የሆነ እርጥብ የስዊትገም አግዳሚ ልኩ በሆነ ቀዳዳ ውስጥ ብትከቱት፣ ወደ ቤት እርጥበት እስኪደርስ ድረስ ከ1 እስከ 2 ሚሊሜትር ይከሳል። ለአናጢ 2 ሚሊሜትር ብዙ ነው፤ አግዳሚው በቀዳዳው ውስጥ እንዲዞር ከዚያ ያነሰም ይበቃዋል።

መፍትሔው ከዚሁ ከኩምትርታው ይገኛል። አግዳሚው አስቀድሞ ፈጽሞ ይደርቅና መክሳቱን ይጨርስ፤ ቋሚው ግን ገና ጥቂት እርጥበት ይዞ ይቆይ። ደረቁን አግዳሚ እርጥበት ባለው ቋሚ ቀዳዳ ውስጥ አጥብቃችሁ ስትከቱት ቋሚው በሚቀጥሉት ሳምንታት እየደረቀ በአግዳሚው ላይ ከግራና ከቀኝ ይጨመቃል፤ ደረቁ አግዳሚ ደግሞ ከጎረቤቱ ጥቂት እርጥበት ጠጥቶ ያብጣል። አንዱ ሲጠብ ሌላው ሲሰፋ መጋጠሚያው ያለ ሙጫ ይያያዛል። ይህ በወረቀት ላይ ብቻ ያለ ሐሳብ አይደለም። ከእኛ በስተሰሜን ባሉት የአፓላሽያን ተራሮች ወንበር ሠሪዎች ጀርባው መሰላል የሚመስለውን ወንበራቸውን ለብዙ ትውልድ የሠሩት እንዲሁ ነው፤ አግዳሚውን ምድጃ አጠገብ ያደርቁና ከዛፉ ከተቆረጠ ብዙ ባልቆየ እግር ውስጥ ይመቱታል። በጆርጂያው ራባን ካውንቲ የአንድ ትምህርት ቤት ተማሪዎች እ.ኤ.አ. ከ1966 ጀምሮ ፎክስፋየር በተባለው መጽሔታቸው የተራራውን ሽማግሌዎች የእጅ ሥራ እየጠየቁ መዝግበዋል። የባልቲሞሯ ወንበር ሠሪ ጄኒ አሌክሳንደር ደግሞ በ1978 ባሳተመችው መጽሐፍ የዚህን መጋጠሚያ ምሥጢር በእርጥበት ልዩነት አስረድታ ብዙዎችን አስተምራለች።

ለእኛም ቢሆን ሐሳቡ ባዕድ አይደለም። የጠፍር አልጋን ሥራ ያየ ሰው ያውቀዋል። የአልጋው እንጨት ደርቆ ይቆማል፤ ጠፍሩ ግን ርሶ፣ ለስልሶ ይወጠርበታል። ቆዳው ሲደርቅ ይኮማተርና ማንም በጉልበቱ ሊወጥረው በማይችለው ልክ ይወጠራል። የደረቀውን ጠፍር በደረቅ አልጋ ላይ የሚወጥር የለም፤ እርጥቡን እንጨት ከእርጥቡ ጠፍር ጋር የሚያያይዝም አላዋቂ ይባላል። አፓላሽያዊው ሠሪ ይህን ለእንጨትና እንጨት አደረገው፣ የእኛ ሠሪ ለእንጨትና ቆዳ። ሁለቱም ጥብቀቱን ለጡንቻ ሳይሆን ለመድረቅ ትተውታል። በነገራችን ላይ መሰላላችሁን በገመድ አስራችሁ መሥራት ከፈለጋችሁ ከሱቅ ከሚገዛው የጁት ገመድ ይልቅ ርሶ የሚታሰር ጥሬ ቆዳ ይሻላችኋል፤ የጁቱ ገመድ መልክ አለው፣ ነገር ግን እንጨቱ ከሥሩ ሲከሳ ተከትሎት አይጠብቅም።

አሁን ተቃውሞው ይመጣል። "በአገራችን እርጥብ ባህር ዛፍ በምስማር ተመትቶ መሰላል ይሆን የለም ወይ? አዲስ አበባ ውስጥ ስንት ፎቅ የተሠራው በዚያ ላይ ተወጥቶ አይደለም?" ተገቢ ጥያቄ ነው። ባህር ዛፍ በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ከገባ ጀምሮ የግንባታ ሠራተኛውን ተሸክሞ ኖሯል። ነገር ግን ያ መሰላል ለስንት ጊዜ እንደተሠራ እናስብ። ለአንድ ግንባታ ነው፤ ሥራው ሲያልቅ ይፈርሳል፣ እንጨቱ ለሌላ ይውላል ወይም ይማገዳል፣ በመካከሉም የላላውን ምስማር መልሶ የሚመታ ሠራተኛ በየቀኑ አጠገቡ አለ። ሳሎን ውስጥ ያለው መሰላል ይህን ጠባቂ አያገኝም። ያው የእንጨት መመሪያ እንደሚለው ለስላሳ ምስማር በእርጥብ እንጨት ውስጥ ተመትቶ እንጨቱ ሲደርቅ፣ ወይም ደጋግሞ ሲረጥብና ሲደርቅ፣ ምስማሩ እንዳይነቀል የሚይዘው ኃይል መጀመሪያ ከነበረው ወደ 25 በመቶ ሊወርድ ይችላል። ብሎን ከምስማር ይሻላል፣ አልክድም። ብሎን ግን እንጨቱ እንዳይከሳ አያደርግም፤ የላላውን ጭንቅላት መልሳችሁ ማጥበቅ ትችሉ እንደሆነ ነው እንጂ። በጊዜ የተሳሳተውን በብረት ማረም ይቻላል፤ ከመጀመሪያው ግን መሳሳት አያስፈልግም።

ሁለተኛው ተቃውሞ የጊዜ ነው። "እንጨት በአንድ ኢንች ውፍረት አንድ ዓመት ይፈልጋል ይባላል፤ ማን ይጠብቃል?" ይህ አባባል ከቤት ውጭ ተደርድሮ ለሚደርቅ ጣውላ የተነገረ ሻካራ ግምት ነው። የእኛ አግዳሚ አጭር ነው፤ ውሃ ደግሞ በእንጨት ጫፍ ከጎኑ ይልቅ በብዙ እጥፍ ፈጥኖ ይወጣል። ቅርፊቱን ከላጣችሁለት በጎኑም በር ይከፈትለታል። ግማሽ ሜትር ርዝመትና አውራ ጣት የሚያህል ውፍረት ያለው አግዳሚ ሞቅ ባለና አየር በሚዘዋወርበት ቦታ በሳምንታት ውስጥ ይደርቃል፤ የጆርጂያ ቤት ጣሪያ ሥር ያለው ክፍል በበጋ እንደ ምድጃ ስለሚግል ለዚህ ሥራ የተፈጠረ ይመስላል። መድረቁን የምታውቁት በቀን ቆጠራ አይደለም፣ በሚዛን ነው። አግዳሚውን በማዕድ ቤት ሚዛን መዝኑና ክብደቱን በእርሳስ ጻፉበት። በየጥቂት ቀኑ መልሳችሁ መዝኑት። ክብደቱ መቀነሱን ሲያቆም መክሳቱም ቆሟል። ከዚህ የሚበልጥ መለኪያ ለቤት ሠሪ አያስፈልገውም፤ በሱቅ የሚሸጠው ባለ ሁለት ሹል የእርጥበት መለኪያ ለጣውላ የተሠራ ስለሆነ ለክብ ቅርንጫፍ ያን ያህል አይታመንም። ቋሚውን በተመለከተ ደግሞ ጥላ ባለው ቦታ፣ ጋራዥ ውስጥ፣ ጫፎቹን በሰም ወይም በቀለም ደፍናችሁ ለጥቂት ሳምንታት አቆዩት። ጫፉ ከተደፈነ ውሃው ቀስ ብሎ ስለሚወጣ መሰንጠቁ ይቀንሳል፤ የምንፈልገውም ግማሽ መድረቁን ነው።

ሦስተኛውን ተቃውሞ በተለይ ልናዳምጠው ይገባል፤ ብልህ ይመስላልና። "ለምን እንቆርጣለን? መሬት ላይ ወድቆ የደረቀ ቅርንጫፍ ሞልቷል።" ችግሩ እንዲህ ያለው ቅርንጫፍ ደርቋል ማለት አለመቻሉ ነው። እንጨት የሚያበሰብሰው ፈንገስ እርጥበቱ ከ20 በመቶ በታች በሆነ እንጨት ውስጥ ማደግ አይችልም፤ በእኛ አካባቢ ሞቃትና እርጥብ አየር ግን መሬት የነካ ቅርንጫፍ ከዚህ በታች እምብዛም አይወርድም። ስለዚህ ሞቷል እንጂ አልደረቀም፤ እየበሰበሰ ነው። በጥፍራችሁ ጫን ስትሉት ከገባ፣ ስትሰብሩትም ሳይሰነጠር ቡፍ ብሎ ከተቆረጠ ለእሳት እንጂ ለመሰላል አይሆንም። ትናንት በነፋስ የተገነጠለ ግን ሌላ ጉዳይ ነው፤ እርጥብና ጤነኛ ስለሆነ እንደ አዲስ የተቆረጠ ውሰዱት።

ከየትኛው ዛፍ? እዚህ ላይ የእኔ ምርጫ ግልጽ ነው፤ ለቋሚው የምሥራቁ ቀይ ሴዳር ተብሎ የሚጠራው። ስሙ ሴዳር ይበለው እንጂ በሳይንሱ ጁኒፐረስ ነው፣ የአገራችን የጥድ የቅርብ ዘመድ። የሐበሻ ጥድ ጁኒፐረስ ፕሮሴራ ሲሆን ይህኛው ጁኒፐረስ ቨርጂኒያና ነው፤ ሁለቱም በየዘመናቸው የእርሳስ እንጨት ሆነው ዓለምን አገልግለዋል። ሽታውን የሚያውቅ ሰው ዓይኑን ጨፍኖ ይለየዋል። በተተወ እርሻና በአጥር ዳር ራሱን ስለሚዘራ ወጣቱ ቀጥ ያለው ግንድ ለቋሚነት ይመጥናል። ከሁሉም በላይ ደግሞ ኩምትርታው ትንሽ ነው፤ ከመሐል ወደ ቅርፊት 3.1፣ በዙሪያው 4.7 በመቶ፣ የስዊትገም ግማሽ ገደማ ማለት ነው። ልብስ ሳጥን የሚሠራበትም እንጨት ስለሆነ ጋቢ ቢሰቀልበት አይቆጭም። ሎብሎሊ የሚባለውን ጥድ መሰል ፓይን ግን ተዉት፤ ሙጫው ነጭ ነጠላ ላይ ከተጣበቀ አይለቅም። ለአግዳሚው ደግሞ እንድትቆርጡ የምመክረው ማንም የማይቆጭለትን የቻይና ፕሪቬት ነው። ይህ ቁጥቋጦ እ.ኤ.አ. በ1852 ለጌጥ ወደ አሜሪካ ገብቶ ዛሬ የደቡቡን ወንዝ ዳር ሁሉ የወረረ መጤ ተክል ነው፤ ቀጥ ያለ፣ ጠንካራና አውራ ጣት የሚያህል ዘንግ ደግሞ እንደ ልብ ይሰጣል። ብራድፎርድ ፔር የሚባለውም ባለ ነጭ አበባ ዛፍ እንዲሁ ነው፤ ኦሃዮ በ2023፣ ጎረቤታችን ሳውዝ ካሮላይና በ2024 ሽያጩን ከልክለዋል። ቅርንጫፉ በነፋስ ስለሚገነጠል ሲቆረጥ ማግኘት አያስቸግርም። በየካቲት አካባቢ የሚከረከመው ክሬፕ መርትልም ለስላሳና ጠንካራ አግዳሚ ይወጣዋል።

ከየት እንደምትቆርጡ ግን አስተውሉ። በዱሉዝ ዳር የሚያልፈው የቻታሁቺ ወንዝ እ.ኤ.አ. በ1978 የተቋቋመ ብሔራዊ የመዝናኛ ክልል ነው፤ አቦትስ ብሪጅን የመሰሉት መግቢያዎቹ በደጃችን ናቸው። ከዚያ ቅርንጫፍ መቁረጥም የወደቀውን ለቅሞ መውሰድም በፌዴራል ደንብ የተከለከለ ነው። ከራሳችሁ ግቢ፣ ከፈቀደላችሁ ጎረቤት፣ ወይም ዛፍ ከርካሚ ሥራውን ጨርሶ ከሚጥለው ክምር ውሰዱ። እንጨቱን ከነቅርፊቱ ወደ ሌላ ከተማ ይዞ መሄድም ክፉ ልማድ ነው። አሽ የሚባለውን ዛፍ የጨረሰው አረንጓዴ ጥንዚዛ እ.ኤ.አ. በ2002 ሚሺጋን ውስጥ ተገኝቶ በ2013 ጆርጂያ የደረሰው በአብዛኛው ሰዎች በመኪና በሚያጓጉዙት የማገዶ እንጨት ላይ ተሳፍሮ ነው። ሌላም ጥንቃቄ አለ፤ በግንዱ ላይ ጸጉራም ሐረግ ተጠምጥሞ ካያችሁ አትንኩት። ፖይዝን አይቪ ነው፤ በብርድ ወራት ቅጠሉ ረግፎም ዘይቱ ቆዳን ያቃጥላል፣ ከተቃጠለ ደግሞ ጭሱ ሳንባን ይጎዳል።

የመቁረጫው ጊዜ የብርዱ ወራት ነው፣ ከታኅሣሥ እስከ የካቲት። ምክንያቱ ቅርፊት ነው። በጸደይ ዛፉ አዲስ ሥጋ ሲያበቅል በቅርፊቱና በእንጨቱ መካከል ያለው ስስ ንብርብር እርጥብና ላላ ይሆናል፤ ያኔ የተቆረጠ ቅርንጫፍ ሲደርቅ ቅርፊቱን ይጥላል። በብርድ የተቆረጠው ግን አጥብቆ ይይዛል። ቅርፊቱ ይቆይ ወይስ ይላጥ? ብዙ ሰው የሚማረከው በቅርፊቱ ነው፤ እኔ ግን በአግዳሚው ላይ መላጡን እመርጣለሁ። ነጠላ የሚዳሰስበት ቦታ ሻካራ መሆን የለበትም፤ ጥልፍ ያለው ጥበብ አንድ ጊዜ ቅርፊት ከያዘው ክሩ ይመዘዛል። በቋሚው ላይ መተው የሚፈልግ ይተወው። ከቅርፊት ሥር የሚደበቁ እንጨት በዪ ጥንዚዛዎች የሚያሰጉ ከሆነ፣ እንጨቱን መሐሉ ድረስ በ56 ዲግሪ ሴልሺየስ ለ30 ደቂቃ ማሞቅ ይገድላቸዋል፤ በዓለም ንግድ የሚንቀሳቀስ የእንጨት ማሸጊያ በሙቀት ሲታከም ብዙውን ጊዜ የሚታከመው በዚሁ ልክ ነው። አጫጭሮቹ አግዳሚዎች በማዕድ ቤት ምድጃ በዝቅተኛ ሙቀት፣ ከአጠገቡ ሳይርቁ፣ ይህን ያገኛሉ። ለጋቢው ግን አትሥጉ፤ እነዚህ ጥንዚዛዎች እንጨት እንጂ ጥጥ አይበሉም።

እንግዲህ ይህ ሁሉ ከተሟላ ሥራው ራሱ አጭር ነው። ቁመታቸው ወደ 180 ሴንቲሜትር፣ ውፍረታቸው ከ5 ሴንቲሜትር የማያንስ ሁለት ቋሚዎች መሬት ላይ ጎን ለጎን አስተኙና ጠመዝማዛቸው የሚስማማበትን ፊት ፈልጉ፤ ለዚህ ጊዜ አትሰስቱ፣ የመሰላሉ ውበት የሚወሰነው እዚህ ነው። በየ30 ሴንቲሜትሩ ምልክት አድርጋችሁ ከቋሚው ውፍረት ግማሽ ያልበለጠ ስፋት ያለው ቀዳዳ በመሰርሰሪያ ውጉ፤ ከዚያ ከሰፋ ቋሚው በዚያው ይሰበራል። ቀዳዳው ቋሚውን አልፎ ባይወጣ መልካም ነው፣ ከውፍረቱ ሦስት አራተኛ ይበቃል። የደረቀውን አግዳሚ ጫፍ በቢላ ወይም በመሮ እየላጋችሁ ወንዴውን፣ ማለትም ጫፉን፣ ከሴቴው ከቀዳዳው በጥቂቱ እንዲወፍር አድርጉት፤ ልኩን ለማወቅ በትርፍ እንጨት ላይ በዚያው መሰርሰሪያ ቀዳዳ ወግታችሁ ሞክሩ። ከዚያ በእንጨት መዶሻ ምቱት። ሲገባ የሚያሰማው ድምፅ ከፍ እያለ ይሄድና ሥር ሲደርስ ይለወጣል፤ ያኔ ቁሙ። አግዳሚዎቹን ሁሉ በአንዱ ቋሚ ላይ ከጨረሳችሁ በኋላ ሁለተኛውን ከላይ አምጥታችሁ በየተራ እያስገባችሁ ውረዱ። ቋሚው ላይ ስንጥቅ ከጀመረ ወደ ግድግዳው አዙሩት። ጉዳቱ ለዓይን ነው፣ በቀዳዳ ውስጥ ካላለፈ ለጥንካሬው አያሰጋም።

የቀረው ተቃውሞ ከሁሉም የጠነከረው ነው፤ "ይህ ሁሉ ድካም ለጌጥ ነው? ሱቅ ውስጥ ተሠርቶ ይሸጥ የለም?" ይሸጣል። መሰላል ብቻ የሚፈልግ ሰው ይግዛ፤ ጊዜውንም ያተርፋል፣ በዚህ የምከራከረው ነገር የለኝም። "ጌጥ ስለሆነ መጋጠሚያው እንደምንም ይሁን" የሚለውን ግን አልቀበልም። ጋቢና ቡልኮ ሲደራረብ ቀላል ሸክም አይደለም። ከዚያም በላይ ልጅ ባለበት ቤት መሰላል ለልጅ መሰላል ነው፤ ጌጥ መሆኑን አያነብም። የአሜሪካ ምክር ቤት እ.ኤ.አ. በ2022 ያወጣው ሕግ የልብስ መሳቢያ ሣጥኖች በልጆች ላይ እንዳይወድቁ መስፈርት አስቀምጧል፤ የቤት ሠራሽ መሰላል በዚያ ሕግ ውስጥ የለም፣ የሚወድቀው ግን በዚያው ልክ ነው። ስለዚህ የላላ አግዳሚ የመልክ ጉድለት ብቻ አይደለም።

መሰላሉ ሲቆም እግሩ ከግድግዳው ከቁመቱ አንድ አራተኛ ይራቅ፤ 180 ሴንቲሜትር ለሆነው 45 ሴንቲሜትር ማለት ነው። እግሩ እንዳይንሸራተት ላስቲክ ለጥፉበት። አናቱን በብሎን ወይም በአጭር ማሰሪያ ከግድግዳው ጋር ያዙት፤ ግድግዳችን በአብዛኛው ጂፕሰም ስለሆነ ብሎኑ ከጀርባው ያለውን ቋሚ እንጨት ማግኘት አለበት፤ ያ እንጨት ብዙ ጊዜ በየ40 ሴንቲሜትሩ ገደማ ይገኛል። ቀጥሎ በብርጭቆ ወረቀት አለስልሳችሁ የተልባ ዘይት መቀባት ትችላላችሁ፤ ለሴዳርም ለፕሪቬትም ያምራል። ዘይቱ ጋቢውን እንዳይነካው ፈጽሞ እስኪደርቅ ድረስ ምንም አትስቀሉበት። የቀባችሁበትን ጨርቅ ደግሞ ጨብጣችሁ ቆሻሻ መጣያ ውስጥ አትጣሉ፤ የተልባ ዘይት ሲደርቅ ሙቀት ስለሚያመነጭ የተጨማደደ ጨርቅ ማንም ሳይለኩሰው ሊነድድ ይችላል። ከቤት ውጭ ዘርግታችሁ አድርቁት፣ ወይም ውሃ በሞላበት ቆርቆሮ ውስጥ ነክራችሁ ክደኑት።